የሽንት ጨርቅ፣ የፈረቃ ውሃ እና አራተኛ ፎቅ፤ እስቲ ምከሩኝ

አራተኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ሰባት ወሯ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት። ያለን አንድ ባለ 500 ሊትር ሮቶ እና በረንዳ ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖች ናቸው።

ጥያቄዬ የዳይፐር ነገር ነው። በቀን ስድስት ያህል ትጨርሳለች፣ በወር ሲሰላ 180 መሆኑ ነው። ዋጋው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። የሰፈራችን ባለሱቅ ራሱ "እህቴ፣ ሁለት እሽግ ያዢ፣ የሚቀጥለው ሲገባ በዚህ አታገኚውም" ብሎኛል። የቤት ኪራይ፣ የሞግዚት ደመወዝ እና ትራንስፖርት ከተነሳ በኋላ የሚተርፈን ለዳይፐር እየሄደ ነው።

ብሩ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝም እል ነበር። ቆሻሻውም ያሳስበኛል። ከቤታችን ከሚወጣው ከግማሽ በላይ ዳይፐር ነው። ካርቶንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ይወስደዋል። የፕላስቲክ ጠርሙሱን የሚለቅሙ ልጆች አሉ። ዳይፐርን ግን የሚፈልግ የለም፣ ቀጥታ ወደ ቆሼ ነው። መጋቢት 2009 ያ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው አልቋል፣ ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ "ከደጄ ይውጣልኝ እንጂ" ማለት ይከብደኛል።

እናቶቻችን በጨርቅ ነው ያሳደጉን። ግን እነሱ ጓሮ ነበራቸው፣ ማስጫ ነበራቸው። እኔ ያለችኝ አንዲት ጠባብ በረንዳ ናት። በዚህ ውሃ የሽንት ጨርቅ ይቻላል? ያደረጋችሁት ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። ሌላም ቤት ውስጥ የምትቆጥቡበት ዘዴ ካለ ጨምሩልኝ።

የሁለት ልጆች እናት | ሰኞ፣ ማታ 3፡48

ያሳድግልሽ እህቴ። ይቻላል። እኔ ሁለቱንም በጨርቅ ነው ያሳደግኩት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በፈረቃ ውሃ።

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን። አሁን የሚሸጡት ኪስና ቁልፍ ያላቸው ዘመናዊ የጨርቅ ዳይፐሮች ጥሩ ናቸው። ግን ወፍራም ስለሆኑ ሲታጠቡ ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ቶሎም አይደርቁም። አቡጀዲ ስስ ነው፤ ዘርግተሽ ታጥቢዋለሽ፣ ዘርግተሽ ታሰጪዋለሽ። 70 በ70 ሳንቲ ሜትር አስቆርጪና ጠርዙን አስዘምዝሚ። ሃያ አራት ያህል ቢኖርሽ በየሁለት ቀኑ ታጥቢያለሽ። ያረጀ ነጠላ ካለሽ አጥፈሽ መሐል ላይ አድርጊው። እንደሱ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ እስካሁን አላየሁም። ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ሱሪ ያስፈልጋል፣ አራት ይበቃሻል።

አዲስ አቡጀዲ መጀመሪያ ላይ ሽንት አይመጥም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ነገር አለበት። ሁለት ሦስቴ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲለሰልስ ነው የሚሠራው። ይህን የማያውቁ ብዙዎች በመጀመሪያው ሳምንት "አልሆነም" ብለው ይተዉታል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ዘዴው አንዱን ውሃ ደጋግሞ ማሠራት ነው። ማታ የልጅሽን ገላ ያጠብሽበትን ውሃ አትድፊው። የቀኑን ሽንት ጨርቅ በእሱ ዘፍዝፊው። ጠዋት ያው ውሃ ሽንት ቤት ይደፋበታል። ካካ የነካው ጨርቅ ግን ከመዘፍዘፉ በፊት ለብቻው ሽንት ቤቱ ላይ በጆግ ውሃ ይራገፍ። ማጠቢያው አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ በኦሞ ነው፣ ማለቅለቂያው ሁለት ሳፋ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ስለሆነ ወለል ይወለወልበታል። እኔ ለአንድ እጥበት ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም 40 ሊትር ገደማ ይበቃኝ ነበር።

ኦሞ አታብዢ። ኦሞ በበዛ ቁጥር ማለቅለቂያ ውሃው ይበዛል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ጭራሽ አታስገቢ፣ ጨርቁ መምጠጥ ያቆማል። ቢጫ ከቀረበት እርጥቡን ፀሐይ ላይ ስጪው፤ በረኪና ሳይነካው ይነጣል።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የቆዳዋን ነገር ልጨምር።

ጨርቅ ሲረጥብ ልጅቷ ይሰማታል፣ እርጥበቱም ቆዳዋ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ይቀየር፣ ካካ ካለች ወዲያው። በቀን ውስጥ ትንሽ ጊዜ ያለ ምንም ተዋት፣ ቆዳዋ አየር ያግኝ። ቫዝሊን ከቀባሽ ስስ አድርጊው፤ በብዛት ሲሆን ጨርቁ ላይ ይለጠፍና መምጠጡን ይቀንሰዋል። ፓውደር ይቅርባት፣ ብናኙ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልለቀቃት ወይም ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

በረኪና ከተጠቀማችሁ በደንብ ይለቅለቅ፣ ሽታው ጨርቁ ላይ ካለ አልታጠበም ማለት ነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። መዘፍዘፊያ ባልዲው ደግሞ ክዳን ይኑረው፣ መዳህ የጀመረ ልጅ ባለበት ቤት ክፍት ባልዲ መሬት ላይ አይቀመጥም።

አያት ነኝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ሁላችሁም ስለ ማጠብ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ማስሸናት ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ ልጅ አንገቱን ችሎ ቀጥ ማለት ሲጀምር ማስሸናት ይጀመራል። ሰዓቱ ይታወቃል። ከእንቅልፏ እንደነቃች አንዴ። ጡት ጠብታ ትንሽ ቆይታ አንዴ። ገላዋን ልትታጠብ ስትል አንዴ። ጀርባዋን ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ፣ ከጭኖቿ ስር በሁለት እጅሽ ይዘሽ "ሽሽሽ" ትያታለሽ። ካልመጣት ትተዪዋለሽ። መቀመጥ ስትችል ደግሞ ፖፖ ላይ ነው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ልጅን ፖፖ ላይ አስገድዶ ማቆየት፣ ሲያመልጠው መቆጣት ነውር ነው፣ ልጁም ይጠላዋል።

በዚህ መንገድ በቀን ሦስት አራት ጨርቅ ትተርፋለች። ሳይቆሽሽ የቀረ ጨርቅ ውሃም ኦሞም አይፈልግም። የኔ ልጆች ዓመት ከምናምን ሲሆናቸው ቀን ቀን ጨርቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። አሁን ሦስት ዓመት ሞልቶት በዳይፐር የሚሄድ ልጅ አያለሁ። ዳይፐሩ ስለሚመቸው እርጥበት አይሰማውም፣ ስለዚህ አይናገርም።

ሥራና ልጅ | ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20

እማማ፣ ምክርዎ ግሩም ነው፣ እድሜ ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ማነው የሚያጥበው? እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው። አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። እና "ወደ ጨርቅ ተመለስን፣ ይህን ያህል ብር ቆጠብን" ስንል ሥራው በሞግዚቷ ላይ ነው የሚወድቀው። የቀጠርናት ልጅ እንድታሳድግ፣ ምናልባትም ምግብ እንድታበስል ነው። በላዩ ላይ ሃያ ጨርቅ በእጅ ማጠብ፣ ጀሪካን ከታች አራተኛ ፎቅ ድረስ መሸከም ሲጨመር ደመወዟ ያው ነው። እኛ ጋ የቀነሰው ወጪ እሷ ጉልበት ላይ ተጨመረ እንጂ አልጠፋም።

አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ወደ ጨርቅ የምትገቡ ከሆነ ከምትቆጥቡት ላይ ደመወዟን ጨምሩ፣ አለበለዚያ ማጠቡን ራሳችሁ ያዙት። ስለ አካባቢ የምንጨነቅ ሰዎች ቤታችን ውስጥ ስላለችውም ልጅ መጨነቅ አለብን።

ሳፋ የያዘ አባት | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

እውነቷን ነው። እኛ ቤት ሽንት ጨርቅ የማጥበው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ልጁን ታጠባለች፣ ሌሊት ትነሳለች። እኔ ጡት ማጥባት አልችልም፣ ጨርቅ ማጠብ ግን እችላለሁ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ሮቶ የምሞላውም እኔ ነኝ፣ በዚያው ሳፋዬን አውጥቼ እጨርሰዋለሁ። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ሳሰጣ ሲያዩኝ መጀመሪያ ይገረሙ ነበር። አሁን ከታች ፎቅ ያለው ወንድማችን መጥቶ "አቡጀዲውን ከየት ነው የገዛኸው?" ብሎ ጠይቆኛል።

ወንድሞች፣ ይህ ውይይት ለእናቶች ብቻ አይደለም። አንብባችሁ አትለፉት።

ከለንደን | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡40

ሰላም ከሩቅ። እኔም እዚህ በጨርቅ ነው የማሳድገው። እዚህ አንዳንድ ወረዳዎች የጨርቅ ዳይፐር ለሚገዛ ወላጅ ኩፖን ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ላካፍላችሁ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጨርቅና የሚጣል ዳይፐርን አነጻጽሮ ነበር። በአማካይ አጠቃቀም ሁለቱ ወደ ከባቢ አየር የሚለቁት ካርቦን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም እዚህ ሰው በማሽን አጥቦ በማሽን ያደርቃል። ገመድ ላይ የሚያሰጣ፣ ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብ፣ ያንኑ ጨርቅ ለሁለተኛ ልጅ የሚጠቀም ሰው ግን ጉዳቱን እስከ 40 ከመቶ ይቀንሳል።

እናንተ የምታደርቁት በፀሐይ ነው። ውሃ የምታሞቁበት መብራትም አብዛኛው ከግድብ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በካርቦን በኩል ከእኛ ትሻላላችሁ። የእናንተ ችግር ውሃው ነው፣ እሱን ደግሞ ከላይ የጻፈችው እህታችን በደንብ አሳይታለች። እዚያ ያላችሁት ገና ለምትወልድ እህት ወይም ጎረቤት ጨርቁን አቆዩላት፣ አቡጀዲ ሁለት ልጅ በደንብ ያሳድጋል።

ደብረ ብርሃን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እኛ ጋ ውሃው ሳይሆን ብርዱ ነው ችግሩ። ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ አይደርቅም። እርጥቡ ሁለት ቀን ከቆየ ይሸታል፣ እንደገና መታጠብ ይፈልጋል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ጨርቁን ለሁለት ሆነን በደንብ እንጠመዝዘዋለን። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጠቅልዬ እረግጠዋለሁ፣ ፎጣው ግማሹን እርጥበት ይወስደዋል። ማታ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቀላል፣ ጠዋት በካውያ ያልቃል። በክረምት ግን ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ካልሆነ ብዬ ራሴን አላስጨንቅም፣ ሌሊትና መንገድ ስወጣ ዳይፐር አደርጋለሁ።

እባካችሁ ግን ጨርቅ ለማድረቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ልጅ የተኛበት ክፍል ከሆነ ደግሞ በጭራሽ። ከሰል ጭሱ ባይታይም ይገድላል። እዚህ በብርድ ጊዜ ቤተሰብ ያለቀበትን እናውቃለን።

አራተኛ ፎቅ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። "ማነው የሚያጥበው" የሚለው ላይ ረጅም ተነጋገርን። እሱ ውሃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች ያጥባል፣ እኔ ቅዳሜ። ሞግዚቷ የቆሸሸውን ባልዲ ውስጥ ከማስገባት በቀር አይመለከታትም። ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር እናደርጋለን። በቀን በስድስቱ ፈንታ አንድ ዳይፐር ብቻ ብንጠቀም በወር ከ180 ወደ 30 ይወርዳል። የእማማን ማስሸናትም ዛሬ ጠዋት ጀምሬያለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። እናቴ ከገጠር እንዶድ ልላክልሽ ብላለች፣ ነጠላዋን በእሱ ነው የምታነጣው። ለሽንት ጨርቅ ይሆናል? ሌላው፣ መብራት ቆጣሪያችን የካርድ ነው፣ ምግብ ማብሰል ቶሎ ቶሎ ይጨርሰዋል። ለልጄ ምግብ ለብቻ ስሠራ ደግሞ ባሰ።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

እንዶዱን ለነጠላና ለጋቢ ተጠቀሚበት፣ ለልጅሽ ጨርቅ ግን አይሁን። እንዶድ ትልቅ ሀብታችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣውን የቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ መንገድ ያገኙት። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ያው አረፋው ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ከተዋጠም ይመርዛል። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ ልጅም ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ያስገባል። ለእሷ ሽታ የሌለው ተራ ሳሙና ይበቃል።

ጋቢ ውስጥ ያለ ድስት | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡15

የመብራቱን ለእኔ ተዉት።

አንደኛ፣ የእንጀራ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ብዙ መብራት የሚበላው ነው። ምጣዱን ለማጋል የሚሄደው መብራት ለአምስት እንጀራም ለሃያም ያው ነው። በሳምንት አንዴ አብዝተሽ ጋግሪ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ ግቡና በአንድ ግለት ሁለታችሁም ጋግሩ። አጥፍተሽው ግለቱ ሳይወርድ ቂጣ ወይም ቆሎ ይወጣበታል። የደረቀ እንጀራ አይጣልም፣ ድርቆሽ ሆኖ ወር ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ጋቢው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ቅንጬ እንዲህ ነው የማበስለው። ጥራጥሬ ከሆነ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አሳድራለሁ። ጠዋት ክዳኑ ግጥም የሚል ከባድ ድስት ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል በደንብ ይንተከተካል። ከዚያ ክዳኑን ሳልከፍት አወጣዋለሁ። ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ ደልድዬ ድስቱን አስቀምጣለሁ፣ ዙሪያውንና ላዩን በአሮጌ ጋቢ ጥብቅ አድርጌ እሸፍናለሁ። ሥራ ውዬ ስመለስ ሽምብራው በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል፣ ድስቱም ገና ትኩስ ነው። ዋናው ነገር ድስቱ ቢያንስ እስከ ሁለት ሦስተኛው መሙላቱ ነው፤ ትንሽ ምግብ ሙቀት አይይዝም። ስትመለሺ አንዴ አፍልተሽ ብሉት። ቦሎቄ ከሆነ ግን መጀመሪያ በደንብ መፍላቱን አረጋግጪ፣ በደንብ ያልፈላ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል። ሥጋና ወተት ያለበትን እንዲህ አታቆዪ።

ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ዘንቢል ያዙ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፣ የሚጠቀመውም ይቀጣል። የእናቶቻችን ዘንቢል ደግሞ ከሁሉም ይበረታል።

የመንታ እናት | ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ለሰባት ወር ልጅ ለብቻ ምግብ መሥራት አያስፈልግም እህቴ። ከቤቱ ወጥ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት የእሷን ድርሻ አውጥተሽ አድቅቂላት። ድንች፣ ካሮት፣ ምስር፣ ጎመን ሁሉም ይሆናል።

ምጥኑንም ራስሽ አዘጋጂው፣ ከሱቅ እሽግ በብዙ ይረክሳል። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው። እኔ ገብስ፣ አጃና በቆሎ አድርጌ ሽምብራ እጨምርበታለሁ። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ለዘብ ባለ እሳት ተቆልቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አብዝተሽ አታስፈጪ፣ ለወር የሚሆን ብቻ፤ ከቆየ ይነቅዛል፣ ይሻግታል።

አንዱ ትልቅ ምስጢር ብቅል ነው። ገንፎው ወፍራም ሲሆን ልጅ አይውጠውም፣ ስታቀጥኚው ደግሞ ውሃ ብቻ ሆኖ አያጠግባትም። ወፍራሙን ገንፎ አብስለሽ ለብ ሲል የተፈጨ ብቅል በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጨምረሽ አማስዪው። ዓይንሽ እያየ ይቀጥናል፣ ውሃ አልተጨመረበትም። ከዚያ አንዴ መልሰሽ አፍይው። ዘይት በማንኪያ ጠብ አድርጊበት፣ እንቁላል ካለም አስኳሉን።

ማር ግን ዓመት እስኪሞላት አይነካት፣ ጤና ባለሙያ ሁሉ የሚለው ነው። ጡቱንም አትቁረጪ፣ ከሁሉም ርካሹና ምርጡ እሱ ነው።

ጎመን በበረንዳ | ዓርብ፣ ቀትር 7፡00

እኔ አጭር ነኝ። ያንን የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ከአፈርና ከቡና አተላ ጋር ቀላቅዪው። ሲበሰብስ በጆንያ አፈር ሞልተሽ፣ ጎን ጎኑን ቀደሽ ጎመንና ቆስጣ ትከዪበት። ለልጅሽ የሚበቃ ጎመን ከጆንያዋ አይጠፋም። የምታጠጪው አትክልት ባጠብሽበት ውሃ ይሁን፣ የሽንት ጨርቅ ውሃ ግን ለሚበላ ተክል አይሆንም።

አራተኛ ፎቅ | ዓርብ፣ ማታ 3፡20

ሳፋ የያዘው ወንድማችን፣ አቡጀዲውን ከየት እንደገዛህ ለእኛም ንገረን። በሜትር ነው ወይስ በጣቃ?

ሳፋ የያዘ አባት | ዓርብ፣ ማታ 3፡35

መርካቶ፣ ጨርቅ ተራ። በሜትርም ይሸጣሉ፣ በጣቃ ስትገዢ ግን በጣም ይቀንሳል። አንድ ጣቃ ለአንድ ልጅ ይበዛል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ብትካፈሉት ነው የሚያዋጣው። ጠርዙን እዚያው አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ቶሎ ይዘመዝሙላችኋል፣ ቆርጠው እንዲሰጧችሁም ንገሯቸው።

ሥራና ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 3፡50

እኔ አንድ ድርሻ አለኝ። የቅዳሜውን እጥበት እኔ እይዛለሁ፣ የሌላውን ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን።

አራተኛ ፎቅ | ዓርብ፣ ማታ 3፡55

እሺ፣ ሁለት ሆነናል። ሦስተኛ የሚገባ ካለ እስከ ነገ ማታ እዚሁ ይጻፍ። እሑድ ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰኞ ባለቤቴ በምሳ ሰዓቱ ሄዶ ይገዛል። ሽፋን ሱሪውን የት እንዳገኛችሁትም ጻፉልኝ።